ወይዘሮ ስንጥቅና የእናቷ ቤት

ወደ ቤተ ሙከራው መጀመሪያ የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። እኔ ያን ጊዜ የተቋሙ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበርኩ መጥረጊያውንም፣ ጓንቱንም፣ ሰማያዊውን ካፖርትም አስፈርሜ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ባሏ ትቷት ሄዷል፤ ልጅ የላትም። ስትፈርም እንደኛ ሞንጨር አድርጋ አታልፍም፤ ስሟን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ ታስቀምጠዋለች። የቸኮለ ሰው ከኋላዋ ተሰልፎ ቢያጉረመርምም ደንታ አልነበራትም።

ቤተ ሙከራው ከግቢው ጀርባ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። በአንድ በኩል ማድረቂያ ምድጃዎችና ሚዛኖች፣ በሌላው በኩል ከሰው ቁመት የሚበልጥ አረንጓዴ መጭመቂያ ማሽን አለ። ሥራው ለማያውቀው ሰው የዕብድ ሥራ ይመስላል። የጭቃ ጡብ ይሠራሉ፤ አንድ ወር ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፤ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ከተው እስኪፈርስ ይጫኑታል። ሲፈርስ ቁጥር ይጽፋሉ። የግቢው ጥበቃ በመስኮት እያየ «ለመስበር ከሆነ ለምን ትደክማላችሁ? ለእኔ ስጡኝ፣ በነፃ እሰብርላችኋለሁ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሁላችንም «ዶክተሩ» የምንለው ሰው ነበር። ቀጭን፣ ሰላምታ የሚረሳ፣ ግን ክፋት የሌለበት። የዕድሜ ልክ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከአፈር የተሠራ ቤት እንዴት ይቆማል፣ ለምንስ ይወድቃል? ሰው ቤት ተጋብዞ ሲሄድ እንኳ ከመቀመጡ በፊት ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ አድርጎ ያዳምጣል። ሚስቱ በዚህ ነገር ስትሸማቀቅ ኖራለች።

ከማሽኑ ሥር ስብርባሪውን መጥረግ የአዲሷ ተቀጣሪ ድርሻ ሆነ። ሥራ በጀመረች በአራተኛው ወር ገደማ አንድ ቀን አካፋዋን እንደያዘች ቆም አለችና፣

«ዶክተር፣ የዛሬዎቹ ጡቦች አልደረቁም እንዴ?» አለችው።

ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ወር ሞልቷቸዋል፤ ደርቀዋል።»

«ውጪያቸው ደርቋል። ሆዳቸው ግን አልደረቀም።»

አሁን ቀና አለ። «በምን አወቅሽ?»

«የደረቀው ሲሰበር አቧራው ይነሳል፤ ስጠርገው ያስነጥሰኛል። ዛሬ አላስነጠሰኝም።»

አጠገቡ የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። ዶክተሩ ግን ጎንበስ ብሎ ከአካፋዋ ላይ አንድ ጉማጅ አነሳ፤ መዘነው፤ ምድጃ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ አውጥቶ ድጋሚ ሲመዝነው ከገመቱት እጥፍ የሚሆን ውሃ በጡቡ ሆድ ውስጥ እንደነበረ ታወቀ። የሦስት ሳምንት ልፋት ውሃ በላው፤ ቁጥሩ ሁሉ ተሰረዘ። ተማሪዎቹ መሳቃቸውን አቆሙ። ዶክተሩም «ከዛሬ ጀምሮ ሳትጠርጊ በፊት ያየሽውን ንገሪኝ» አላት።

እንዲህ ተጀመረ። ስብርባሪውን እያየች ጡቡ ምን እንደጎደለው መናገር ለመደች። ጭዱ ባንድ ቦታ ተሰብስቦ ከሆነ፣ አፈሩ ሳይነፋ ጠጠር ቀርቶበት ከሆነ፣ ጭቃው ቶሎ ደርቆ ከሆነ፣ ሁሉንም ከአሰባበሩ ታውቀዋለች። ዶክተሩ ቴክኒሻን ትሁን ብሎ ለአስተዳደር ደብዳቤ ጻፈ። ስምንተኛ ክፍል ናት ብለው መለሱለት። ደግሞ ጻፈ። አምስት ዓመት ሙሉ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረላት፤ እሷም በእነዚያ ዓመታት ከሥራ በኋላ የማታ ትምህርት ተምራ ጨረሰች። ነጭ ካፖርት ያስፈረምኳት ቀን እጅጌውን እያየች «ይኼ እኮ ቆሻሻ ያሳያል» ብላ ቅር አላት።

ቅጽል ስም የወጣላት ከዚያ በኋላ ነው። የትም ብትሄድ ዓይኗ ግድግዳ ላይ ነው። ቢሮዬ ገብታ ገና ሳትቀመጥ «ይኼ ከበሩ በላይ ያለው ስንጥቅ ባለፈው ወር እዚህ ድረስ አልነበረም» ትለኛለች። «ወይዘሮ ስንጥቅ» አልናት። አልተቀየመችም። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ ስንጥቅ ነኝ» ማለት ጀመረች።

የምነግራችሁ ታሪክ ግን የተቋሙ አይደለም፤ የእናቷ ቤት ታሪክ ነው።

ቤቱ ሦስት ክፍል ያለው የጭቃ ጡብ ቤት ነው። አባቷ በገዛ እጁ ሠርቶት፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ እዚያው ተወልደው አድገውበታል። አባትየው ከሞተ ቆይቷል፤ እናትየዋ ብቻዋን ትኖርበታለች። ወንድምየው ለሳኝ ነው። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ የለሰነው ግድግዳ መስታወት ይመስላል። እህቱ መጥረጊያ ይዛ ሥራ በጀመረችበት ዓመት፣ እናታቸው ግድግዳው አቧራ ያራግፍብኛል፣ ልብሴን ያቆሽሻል ብላ ስታማርር፣ ወንድምየው «ተይው እማዬ፣ እኔ አለብስልሻለሁ» አለና ቤቱን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ለሰነው። ከሌላ ሥራ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ሰጥቶ፣ ምንም ሳይሰስት። እህትየዋም አሸዋ ነፍታለች፤ ውሃ ተሸክማለች። ሲያልቅ ክሬም ቀለም ቀቡት። እናትየዋ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራች «ሳጥን የመሰለ ቤት እዩልኝ! የልጆቼ ሥራ ነው!» ትል ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ዶክተሩና ወይዘሮ ስንጥቅ አንድ ሙከራ ጀመሩ። ከአንድ ዓይነት አፈር፣ በአንድ ዓይነት አሠራር፣ ደረት የሚደርሱ ሁለት ግድግዳዎች አቆሙ። አንዱን ጭድ ባለው የጭቃ ልስን፣ ሌላውን በሲሚንቶ ለሰኗቸው። ከዚያ እግራቸውን ዝቅ ባለ የውሃ ትሪ ውስጥ አስቀምጠው ስድስት ወር ተዋቸው። ዶክተሩ የሚጠረጥረው ነገር ነበር፤ በቁጥር ግን አላየውም።

በስድስተኛው ወር በሁለቱም አናት ላይ በክሪክ ክብደት መጫን ጀመሩ። ባለ ጭቃ ልስኑ መልኩ ከፍቶ፣ ከእግሩ ተልጦ፣ የታመመ መስሎ ነበር። ሲጫኑት ግን ተሸከመ። ባለ ሲሚንቶው ደግሞ ከላይ እስከ ታች እንከን አልነበረበትም። ጥቂት ጫኑት፣ ዝም። ጨመሩበት፣ ዝም። ከዚያ ከታች ሆዱ ትንሽ ነፋ አለ፤ ልስኑ እንደ ሰሌዳ ተገነጠለና ከኋላው ያለው አፈር እንደ ሊጥ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ውሃው ከሥር ገብቶ፣ በጭቃ ልስን በኩል ቀስ እያለ ወጥቶ ይደርቅ ነበር፤ በሲሚንቶ በኩል ግን መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ተጠራቅሟል።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ዶክተሩ ፎቶ ያነሳል፤ ቁጥር ያስጽፋል። እሷ ግን መጥረጊያ አምጥታ፣ የሚጠርግ ሌላ ሰው ተቀጥሮ እያለ፣ ራሷ ጠረገችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ፣

«ያ የማይሠራበት የማይክሮስኮፕ መስታወት አለህ አይደል? ቀጫጭኑ» አለችኝ።

«አለ። ለምንድን ነው?»

«ለእናቴ።»

እናትየዋን ዓይኗን አሟት መስሎኝ ሃያ ፍሬ አስፈርሜ ሰጠኋት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ቤት ሄደች። መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አድርጋ ተንበረከከች። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ ቀለሙ ተኮፍሷል፤ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ወጥቷል። በጣቷ ቋ ቋ አደረገችው፤ እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ማዕዘኑ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሻይ ጠጥታለች። የሰው ግድግዳ ስታይ ኖራ የእናቷን አላየችም፤ ቀለሙ አታሏታል፣ ከቀለሙም በላይ ወንድሟ የሠራው መሆኑ አታሏታል።

ስንጥቁን አሻግራ መስታወቶቹን በጄሶ ለጠፈች። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። እናትየዋ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከበሩ ሆና ታያታለች።

«ምን እያደረግሽው ነው?»

«እየለካሁት ነው እማዬ።»

«ግድግዳዬን ፕላስተር ለጠፍሽበት እኮ! ቆስሏል?»

«ገና አላወቅሁም።»

«እንግዲህ መርፌ ሳትወጊው በፊት ንገሪኝ» ብላ ሳቀች።

መርፌም ወጋችው። ከተቋሙ በተዋሰችው መሰርሰሪያ ከማዕዘኑ ሥር ጥቂት አፈር አወጣች፤ በጣሳ አሽጋ ቤተ ሙከራ ወሰደችው፤ መዝና አደረቀችው። ከመቶ አሥራ አራት እጁ ውሃ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ የረጠበ ጡብ ሲጫኑት ከደረቁ ሩብ ያህል እንኳ አይሸከምም። በሦስተኛው ሳምንት ከመስታወቶቹ ሁለቱ ተሰብረው አገኘቻቸው።

ዶክተሩን ይዛው ሄደች። እሱም እንደ ልማዱ ቤቱን ዙሪያውን እያንኳኳ ዞረ። ማዕዘኑ ውጪ፣ ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ጉድጓድ ሠርቶ እንደሚተኛ አየ። ሲጨርስ ጠየቀችው፤

«መቼ ይወድቃል?»

«አላውቅም። በሚመጣው ክረምት ሊወድቅ ይችላል፤ ሃያ ዓመትም ሊቆም ይችላል። ቁጥሩ አደጋ አለ ይላል እንጂ ቀን አይቆርጥም።»

«እናትዎ ቢሆኑስ? እዚህ ክፍል ያስተኟቸው ነበር?»

ዶክተሩ ኮቱን ቆለፈ። «አላስተኛትም» አለ።

በዚያው ሳምንት እናቷን ወደ ራሷ አንድ ክፍል ቤት ወሰደቻት። ወንድምየው ሲሰማ ቱግ ብሎ መጣ። ይህን ሁለቱም ለየብቻቸው ነግረውኛል፤ የሁለቱም ታሪክ ያለ ልዩነት አንድ ነው።

«እታለም፣ እማዬን ከቤቷ አስወጣሻት አሉ። እውነት ነው?»

«ቁጭ በል እስቲ።»

«አልቀመጥም! አሥራ አንድ ዓመት ሆነው እኮ። ቆሟል አይደለም? አንዲት ነቁጥ ወድቃለች?»

«የቆመው ልስኑ ነው ወንድሜ። ከኋላው ያለው አፈር በስብሷል።»

«ልስኔ አበሰበሰው ነው የምትዪኝ?»

ወንበሩን ወደ እሱ ገፋችለት።

«ተናገሪዋ! እናቴን ልገድላት ነበር ማለት ነው?»

«ውሃውን ማን ነው የተሸከመልህ?» አለችው። «አሸዋውን ማን ነፋ? አንተ ብቻህን አልሠራኸውም። እኔም አብሬህ ነበርኩ፤ ሲያልቅም ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም አላወቅንም። አሁን ግን እኔ አውቄያለሁ፤ ምን ላድርግ?»

ወንድምየው እናቱን እንኳ ሳይሰናበት ወጣ። አኮረፈ፤ ስልክም አላነሳ አለ። እናትየዋ ደግሞ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጥፋ «እናንተ ተጣልታችሁ እኔ ከምሰነብት ግድግዳው ቢወድቅብኝ ይሻለኛል» እያለች ታለቅስ ነበር። ወይዘሮ ስንጥቅ በእነዚያ ቀናት ቢሮዬ ትመጣና ከበሩ በላይ ያለውን ስንጥቅ እያየች ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ተሳስቼ ቢሆንስ?» አለችኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወንድምየው መዶሻና መሮውን ይዞ በሯን አንኳኳ።

«ነይ እንሂድ» አላት። «ልስኑን አንድ ክንድ በአንድ ክንድ አነሳዋለሁ። ደረቅ ከሆነ እማዬ ፊት ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ።»

«እሺ።»

ሄዱ። በውጪው በኩል፣ ማዕዘኑ ሥር፣ በመሮው አራት ማዕዘን ቀደደና ልስኑን ፈነቀለው። በሦስት ምት ወለቀ። ከኋላው ያለው አፈር ጥቁር ነበር፤ ያብለጨልጫል። እጁን ሰደደው፤ እስከ አንጓው ገባ። እንደዚያው እጁን ግድግዳው ውስጥ እንደከተተ ቆየ። ኋላ ሲያወጣው ጭቃውን ሱሪው ላይ ጠረገና፣

«እዚህ ጋ ነው እማዬ ጭንቅላቷን አድርጋ የምትተኛው» አለ። ይቅርታ የሚባል ነገር በመካከላቸው አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የተጀመረው። ጣሪያውን የተሸከመውን ወራጅ ከውስጥ በአጠና ደገፉት። አሸንዳውን አዙረው ውሃው ራቅ ብሎ እንዲወርድ አደረጉ። ቀጥሎ ልስኑን ማንሳት ነው። እሷ ግድግዳው ቶሎ ይደርቅ ዘንድ በማዕዘኑ በኩል ያለው ልስን ከውስጥም ከውጭም ባንድ ጊዜ ይነሳ አለች። ወንድምየውም ከጧቱ ጀምሮ በቁጭት ይመታው ጀመር። ሰው ከጠላቱ ጋር እንኳ እንዲያ አይታገልም።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እሱ ከውጭ ማዕዘኑ ሥር ተቀምጦ ሲፈነቅል፣ እሷ ከውስጥ መስታወቶቹን እያየች ነበር። አንዱ ጠሽ አለ። ወዲያው ሁለተኛው። በሕይወቷ እንዲያ ጮኻ እንደማታውቅ ነግራኛለች።

«ተነስ! ሽሽ! ተነስ!»

እሷም በበሩ ወጣች። እሱ መዶሻውን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ማዕዘኑ ባለበት ቁጭ አለ፤ አልተገነደሰም፣ እንደ ደከመው ሰው ጉልበቱ ከድቶት ቁጭ ነው ያለው። ከዚያ ከላይ ያለው ጡብ ተከታትሎ ወረደ። ጣሪያው በአጠናዎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አቧራው ሲበርድ አልጋው አይታይም ነበር፤ ራስጌው ላይ ጉልበት የሚደርስ አፈር ተቆልሏል።

ሁለቱ ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ወንድምየው ሲጋራ ለማቀጣጠል ሦስት ክብሪት ጨረሰ፤ በመጨረሻም ሲጋራውን ጣለው። «መዶሻዬ ከሥሩ ቀረ» አለ። ከዚያም ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ሰው ሁሉ «እግዜር ያተረፋችሁ! እንኳን እናታችሁን አወጣችኋት!» አላቸው። ተቋሙም ውስጥ ወሬው ሲደርስ ወይዘሮ ስንጥቅ ነቢይ ሆነች። እሷን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ቢሮ ገብታ፣ እኔ አንድ ደረሰኝ ላስፈርም ቆሜ እያለ፣ እንዲህ አለችው፤

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ የጣልኩት።»

«ምኑን?»

«ማዕዘኑን። አፈሩ ለስልሶ ነበር፤ የተሸከመው ያ የሲሚንቶ ቅርፊት ነው። እኔ በሁለቱም በኩል ባንድ ጊዜ አስወለቅኩት። ምን ላይ ይቁም? ወንድሜን ከሥሩ አስቀምጬ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሊያጽናናት ይችል ነበር፤ የሚያስበውን ነገራት። «ትክክል ሳትሆኚ አትቀሪም» አላት። «እኔም ብጠየቅ ያንኑ እል ነበር። ቅርፊቱ ተሸክሞት እንደሚሆን በሁለታችንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።»

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። በማግስቱ እናትየዋ የወደቀውን ልይ ብላ መጣች። ልጆቿ ሁለቱም ትወድቃለች ብለው ፈርተው በሁለት ወገን ደግፈዋታል፤ ዶክተሩም መጥቶ ፍርስራሹን ይለካል። እናትየዋ ቁልሉን አየት አድርጋ፣ «ይኼ ማዕዘን!» አለች። «አባታችሁ ይህችን ማዕዘን ሲሠራ ታሞ ነበር። ጭቃውን ሳያብላላ፣ በችኮላ ነው የደረደራት። ‹ይህቺ ማዕዘን ሰንፋብኛለች፣ አንድ ቀን አፍርሼ እሠራታለሁ› እያለ ሳይመለስባት ሞተ።»

ዶክተሩ ሜትሩን እንደያዘ ዞረ። «እማማ! ይህንን ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«ምን ጠየቅኸኝና ልጄ? ግድግዳውን ነው ስታናግር የነበረው።»

ወንድምየው ማዕዘኑ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ዶክተሩም ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻውን አወጣና አሮጊቷን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቃት፤ አፈሩ ከየት ተቆፈረ፣ ስንት ቀን ተቦካ፣ ጭዱ ምን ያህል ነበር፣ የትኛው ግድግዳ በየትኛው ወር ተሠራ። ሁሉንም ታስታውሳለች። ውሃ ስታቀርብ የኖረች እሷ ነበረቻ።

የጥናቱ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ዶክተሩ «በአንድ መኖሪያ ቤት ላይ በተደረገ ጥገና ወቅት የማዕዘን መደርመስ አጋጥሟል» ብሎ ጽፎ አሳያት። አነበበችውና መለሰችለት።

«‹አጋጥሟል› አይበሉ። ዝናብ ነው የሚያጋጥመው። እኛ ምን እንዳደረግን ይጻፉት፤ ሌላው ሰው እንዳያደርገው።»

ጻፈው። ልስኑ በሁለት ወገን ባንድ ጊዜ መነሳቱን፣ ስህተቱም የአጥኚዎቹ መሆኑን፣ የቀድሞው የአሠራር ድክመትም ባለቤቲቱ ሳይጠየቁ በመቅረታቸው አለመታወቁን። ከሦስቱ ምክንያቶች፣ ከውሃው፣ ከልስኑ መነሳትና ከአሠራሩ ድክመት፣ የትኛው ምን ያህል እንደመዘነ ማንም ሊያውቅ እንደማይችልም ጨመረበት። ከዚያ ቀጥሎ አዲስ ሙከራ ጀመሩ፤ ልስኑን በቀጭን ሰንበር በሰንበር፣ አንዱን አንስቶ አንዱን እየዘለሉ፣ ከውጭ ጀምሮ፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ሌላውን ማንሳት። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲህ ከእነሱ ጋር በሚሠሩ ቤቶች ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

የእናትየዋ ቤት ማዕዘን የተሠራው ግን ሙከራው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ፣ በዚያው በጋ ነው። እናትየዋ ሌላ አፈር አይገባም አለች። የወደቀውን ሰባበሩት፤ ከሲሚንቶው ለዩት፤ ነፉት፤ ውሃ አጠጥተው አቦኩት። ሲሚንቶ ብቻ ሲያቦካ የኖረው ወንድምየው ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ገባ። አሮጊቷ ወንበር አስወጥታ ጥላው ሥር ተቀምጣለች።

«ጭዱ በዛ።»

«አልበዛም እማዬ።»

«በዛ እልሃለሁ! ቤት ነው የምትሠራው ወይስ ፍራሽ?»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ስንጥቅ በሁለቱም መጠን ጡብ ሠርታ ቤተ ሙከራ ወሰደችና በማሽኑ ሰበረችው። በእናትየዋ መጠን የተሠራው በወንድምየው መጠን ከተሠራው በለጠ። ወንድምየው ወረቀቱን አይቶ «ማሽኑም ከእሷ ጋር ነው» አለ።

ማዕዘኑ ቀና ብሎ ቆመ። ሌላው ግድግዳ ልስኑ ቀስ በቀስ ተነስቶ በጭቃና በኖራ ተለሰነ። ወይዘሮ ስንጥቅ ደህና ነው ብላ የነበረው በደቡብ በኩል ያለው ግድግዳ ትንሽ አዘነበለና ደጋፊ ግንብ ሊሠራለት ግድ ሆነ፤ አስቀያሚ ነው፣ ቤቱን ክራንች የያዘ ሰው አስመስሎታል። እናትየዋ አልወደደችውም። «ሳጥን የመሰለ ቤቴን» እያለች ትናፍቅ ነበር፤ አቧራውም ተመልሶ መጣ። ቢሆንም ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ አራት ዓመት ኖራበት፣ በተኛችበት አረፈች።

ወንድምየው የሲሚንቶ ሥራውን አልተወም፤ ኑሮ ነውና። ግን የጭቃ ቤት ልሰንልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ እናቱ ቤት ወስዶ የራሱን ጥፋት ያሳየዋል። በሰፈሩ እንደ እናቱ ቤት በሲሚንቶ የተሸፈነ ብዙ ቤት አለ፤ ግማሾቹን የለሰነው ራሱ ነው። አንድ በአንድ በራቸውን እያንኳኳ «እኔ የሠራሁትን ልይላችሁ» አላቸው። አንዳንዱ አመሰገነው፤ አንዳንዱ ሞኝ ነው ብሎ ሳቀበት፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ያኔ ጥሩ ነው ብለህ ሠራህ፣ አሁን መጥፎ ነው ትላለህ፤ በየትኛው ልመንህ?» ብላ በሩን ዘጋችበት። እሷን ሲያነሳ አሁንም ይከፋዋል፤ ያልተሳሳተች ሆና ነው የምትታየው። የእሷ ቤት ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወይዘሮ ስንጥቅ ካቻምና ጡረታ ወጣች። እኔ ከእሷ ቀድሜ ነው የወጣሁት፤ አልፎ አልፎ እየተደዋወልን ሻይ እንጠጣለን። በእናትየዋ ቤት አሁን የወንድምየው ልጅ ከባሏና ከሕፃኗ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት አብረን ሄደን ነበር። ልጅቱ አክስቷን ገና ሰላም ሳትል «ይኼ ግድግዳችሁ ምስማር አይዝም! መደርደሪያ ሰቅዬ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ» ብላ ተማረረች። አክስትየዋ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቀዳዳውን በጣቷ ስትነካካ ቆየችና፣ መደርደሪያው በምስማር ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ በሚመታ የእንጨት ሽብልቅ እንደሚሰቀል ታሳያት ጀመር። ሕፃኑ ጉልበቷን ይዞ ቆሟል።